«ደመወዝ»፣ «ትርፍ ሰዓት»፣ «ተቀናሽ»፦ ከቦንጋ የደመወዝ መክፈያ ሊስት የተነሡ የስያሜ ጥያቄዎች

ቃላት በመዝገበ ቃላት ገጽ ላይ ተራርቀው ሲቀመጡ ተሰውሮ የሚኖር ችግር፣ በአንድ ሠንጠረዥ ላይ ጎን ለጎን ሲሰለፉ ይገለጣል። የደመወዝ መክፈያ ሊስት እንዲህ ያለ ሠንጠረዥ ነው። በአንድ መስመር «ደመወዝ»፣ «ትርፍ ሰዓት»፣ «የሥራ ግብር»፣ «ጡረታ»፣ «ጠቅላላ ተቀናሽ»፣ «የተጣራ ተከፋይ» የሚሉ ዐምዶች ይከታተላሉ፤ በመጨረሻው ዐምድ የሠራተኛው ፊርማ ያርፋል። ፈራሚውም እያንዳንዱን ቃል ተረድቶ እንደ ፈረመ ይቆጠራል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚህ ቃላት በአሁኑ የሀገራችን ሕግና በሥራ ቦታ የያዙትን ትርጕም ማስረዳት፣ ይልቁንም በትርፍ ሰዓት ክፍያ ላይ ግብር ሲታሰብ ከሚነሣው ውዥንብር ምን ያህሉ ከሕጉ፣ ምን ያህሉ ደግሞ ከቃላቱ እንደሚመነጭ ለይቶ ማሳየት ነው።

ጥያቄው የተነሣው ቦንጋ ላይ ነው። ቦንጋ የካፋ ዞን ዋና ከተማ ናት፤ በ2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ከተመሠረተ ወዲህም ከክልሉ መቀመጫ ከተሞች አንዷ ሆናለች። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ በመሆኑ የክፍያ ሰነድ በአማርኛ ይዘጋጃል፤ የብዙው ሠራተኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ግን ካፊ ኖኖ ነው። («ኖኖ» ማለት «አፍ» ስለ ሆነ ስሙ ራሱ «የካፋ አፍ» እንደ ማለት ነው።) ከአማርኛ ወደ ካፊ ኖኖ የሚተረጕሙ ጥቂት ባልደረቦች ስለ ሠራተኛ ክፍያ የሚያስረዳ አንድ አጭር ጽሑፍ በመመለስ ላይ ሳሉ፣ የቃል ምርጫው ስላስቸገራቸው አብሬያቸው እንድሠራ ጠየቁኝ። ወሩ ኅዳር፣ ወቅቱም የቡና ነበር።

በሁለተኛው ቀን ከተርጓሚዎቹ የአንደኛው ዘመድ የሆነ፣ በቡና መፈልፈያ ማሽን ላይ የሚሠራ ወጣት መጥቶ አጠገባችን ተቀመጠ። ሥራችንን ጥቂት ካደመጠ በኋላ፣ «ጋሼ፣ የቃል ሰዎች ከሆናችሁስ ይህን ንገሩኝ» አለ። አለቃው በዚያ ወር ሃያ አራት ሰዓት ትርፍ እንዲሠራ ጠይቆት ኖሯል። የሥራ ባልደረባው ግን «ትርፍ ሰዓቱን ከሠራህ ደመወዝህ ሃያ አምስት በመቶ ይገባል» ብሎ አስጠነቀቀው። ወጣቱም በወረቀት ላይ አስልቶ፣ «ሠርቼ ልክሰር?» ብሎ ሥራውን ተወው። ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ አሳየን።

ስሌቱን ለመከተል ሕጉን በአጭሩ ማስታወስ ያስፈልጋል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። ከዚህ በላይ የተሠራ ትርፍ ሰዓት ከጧቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ከሆነ የመደበኛው የሰዓት ክፍያ በ1.5፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ከሆነ በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን ከሆነ በ2፣ በሕዝብ በዓል ቀን ከሆነ በ2.5 ይባዛል። (በቀድሞው አዋጅ ቁጥር 377/1996 የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ 1.25 እና 1.5 ነበሩ።) ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ሊያልፍም አይችልም። የግብሩን ነገር ስንመለከት፣ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 በአዋጅ ቁጥር 1395/2017 ከተሻሻለ ወዲህ ከወር ገቢ ላይ የመጀመሪያው 2,000 ብር ግብር አይከፈልበትም፤ ከዚያ በላይ እስከ 4,000 ያለው 15፣ እስከ 7,000 ያለው 20፣ እስከ 10,000 ያለው 25፣ እስከ 14,000 ያለው 30፣ ከ14,000 በላይ የሆነው 35 በመቶ ይከፈልበታል።

የወጣቱ የወር ደመወዝ 6,240 ብር ነው። በሳምንት 48 ሰዓት በዓመት 52 ሳምንት ተባዝቶ ለ12 ወር ሲካፈል 208 ሰዓት ስለሚሆን፣ የአንድ መደበኛ ሰዓት ክፍያው 30 ብር ይሆናል። ሃያ አራቱ ሰዓት የቀን ትርፍ ሰዓት ስለ ነበረ በ45 ብር ታስቦ 1,080 ብር ያስገኛል፤ የወሩ ድምርም 7,320 ብር ይደርሳል። እስከዚህ ድረስ ወጣቱ አልተሳሳተም። ከዚህ በኋላ ግን 7,320ን በሃያ አምስት በመቶ አባዝቶ 1,830 ብር ግብር አገኘ፤ የጡረታ መዋጮውን 436 ብር ከ80 ሳንቲም አክሎ ሲቀንስ 5,053 ብር ከ20 ቀረው። ያለ ትርፍ ሰዓት በየወሩ እጁ የሚገባው 5,055 ብር ከ20 ነው። ሃያ አራት ሰዓት ሠርቶ ሁለት ብር ይጎድልበታል ማለት ነው! በዚህ ስሌት ማንም ቢሆን ማሽኑን አጥፍቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ትክክለኛው ግብር 980 ብር ነው። ከ7,320 ብር ውስጥ ሃያ አምስት በመቶ የሚታሰብበት ከ7,000 በላይ ያለው 320 ብር ብቻ ሲሆን፣ ይህም 80 ብር ነው፤ የቀረው 7,000 ከዚያ በፊት በነበረበት ልክ ይታሰባልና 900 ብር ይሆናል። እጁ የሚገባው 5,903 ብር ከ20 ነበር። ከ1,080 ብር ትርፍ ሰዓት ላይ 232 ብር ግብር ተነሥቶ 848 ብር ይተርፈው ነበር። ይህን ስነግረው ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ፤ ከዚያ «ታዲያ ለምን ደመወዝህ ይገባል ይላሉ?» አለኝ። የማባዛት ችሎታው ምንም አይወጣለትም፤ ያሳተው ዐረፍተ ነገሩ ነው።

ዐረፍተ ነገሩን እንመርምር። «ደመወዝህ ሃያ አምስት በመቶ ይገባል» ሲባል የሚገባው ነገር ባለቤት ሆኖ የተቀመጠው መላው ደመወዝ ነው። በአማርኛ ሰው ቤት ሲገባ እግሩ ብቻ ገባ አይባልም። በእውነቱ የገባው ከደመወዙ ጫፍ ላይ ያለው 320 ብር ነው። ስለዚህ «ከገቢህ 320 ብሩ በሃያ አምስት በመቶ ይታሰባል» ማለት ይገባል። የባለቤቱ መለወጥ ብቻ ስሕተቱን ያስወግደዋል። በንግግር ይህ ረጅም ሊመስል ይችላል፤ ለማስረዳያ ጽሑፍ ግን አይረዝምም።

ችግሩን የሚያከብደው የስሙ ምርጫ ነው። በግብር ሠንጠረዥ ላይ ያሉትን ወሰኖች ለመጥራት ብዙ ጊዜ «እርከን» የሚለው ቃል ሲሠራበት ይሰማል። እርከን መልካም ቃል ነው፤ ገበሬ አፈር እንዳይሸረሸር ተዳፋቱን ደረጃ በደረጃ ሲያበጀው የሚሠራው ነው፤ በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ ያለው አፈር እዚያው ይቀራል፤ ላይኛው ቢጨመር የታችኛው አይናድም። በዚህ ሥዕሉ ከወሰድነው ለግብሩ በጣም የተገባ ስያሜ በሆነ ነበር። ነገር ግን በደመወዝ ነገር «እርከን» ቀድሞ የተያዘ ቃል ነው። የመንግሥት ሠራተኛ «እርከን ተጨመረለት» ሲባል ደመወዙ በሙሉ ከአንድ ቁጥር ወደ ሌላ ቁጥር ይሸጋገራል፤ የቀድሞው ቁጥር ይሰረዛል። ይህን የለመደ ጆሮ «የግብር እርከን» ሲባል የሚረዳው በዚያው መንገድ ነው፦ አዲሱ ምጣኔ የድሮውን ሽሮ መላውን ይገዛል ብሎ ያምናል። አንድ ቃል ባልተሳሳተ ቦታው ያገኘውን ልማድ ወደ ሌላ ቦታ ይዞ ሲሄድ እንዲህ ያለ ጉዳት ያደርሳል። «ምድብ» የሚለውም ሰውን ወይም ሥራን የሚመድብ ስለ ሆነ ከዚሁ አያመልጥም። እኔ ለዚህ ቦታ የምመርጠው «ክፋይ» የሚለውን ነው፤ «የገቢ ክፋይ» ሲባል ገቢው ራሱ እንደሚከፋፈል፣ ምጣኔውም ለክፋዩ እንጂ ለመላው እንዳልሆነ ይታያል።

ከ«እርከን» ይልቅ የሚብሰው ግን «ተቀናሽ» ነው። የሒሳብ ሠራተኞች ግብርን በክፋይ በክፋይ ለመደመር ጊዜ ስለሚወስድባቸው አቋራጭ ስሌት አላቸው። መላውን ገቢ በከፍተኛው ምጣኔ ያባዙና ቋሚ ቁጥር ይቀንሱለታል። አሁን ባለው ምጣኔ ለ15 በመቶ 300፣ ለ20 በመቶ 500፣ ለ25 በመቶ 850፣ ለ30 በመቶ 1,350፣ ለ35 በመቶ 2,050 ብር ነው። የወጣቱን ብንወስድ 7,320 በሃያ አምስት በመቶ 1,830፣ ሲቀነስ 850፣ 980 ብር። ልክ ነው። ቋሚው ቁጥር በታችኞቹ ክፋዮች ላይ በብልጫ የታሰበውን የሚመልስ ማስተካከያ ነው። ይህ ማስተካከያ በሠንጠረዡ ላይ የሚጠራው ግን «ተቀናሽ» ተብሎ ነው። በመክፈያ ሊስቱ ላይም ግብርና ጡረታ ተደምረው የሚጻፉበት ዐምድ «ጠቅላላ ተቀናሽ» ይባላል። አንደኛው ተቀናሽ ከግብሩ ላይ ለሠራተኛው ጥቅም ይነሣል፤ ሁለተኛው ተቀናሽ ከሠራተኛው ላይ ይነሣል። «ተቀናሽ 850» የሚለውን ያየ ሠራተኛ ሃያ አምስት በመቶ ከተወሰደበት በኋላ ደግሞ 850 ብር እንደሚቈረጥበት ቢያስብ ማን ይፈርድበታል? በቦንጋ ያየሁት ወረቀት ላይ ወጣቱ ይህን ቁጥር ከነጭራሹ ትቶት ነበር፤ ለምን እንደ ተወው ስጠይቀው «እሱማ ሌላ ዕዳ መስሎኝ» አለ። ዕዳ መስሎት ቢያስገባውማ ኖሮ ኪሳራው ከሁለት ብር ወደ 852 ብር ከፍ ባለ ነበር።

ስለዚህ የሁለቱ ስያሜ መለየት አለበት። ከደመወዝ ለሚነሣው «ተቀናሽ» ይቅር፤ ሥር የሰደደ ቃል ነው። አንዳንዶች በምትኩ «ተቈራጭ» ይላሉ፤ ነገር ግን «የቤተሰብ ተቈራጭ» እንደሚባለው ይህ ቃል ሰው ፈቅዶ ከደመወዙ ለሌላ ሰው እንዲደርስ የሚያደርገውንም ስለሚያጠቃልል ለግብር አይመቸውም፤ ግብር በፈቃድ አይቈረጥም። ለአቋራጩ ቋሚ ቁጥር ደግሞ «ማስተካከያ» ወይም «ተመላሽ» የሚሉትን አስበን ነበር። «ተመላሽ» ከመንግሥት ዘንድ ተመልሶ በእጅ የሚሰጥ ገንዘብ ያስመስላልና ለዚያ ይጠበቅ። «የስሌት ማስተካከያ» ረዘም ቢልም አያሳስትም።

አሁን ወደ ዋናው ቃል እንምጣ። «ደመወዝ» ከ«ደም» እና ከ«ወዝ» የተገጣጠመ ነው ሲባል በሰፊው ይነገራል፤ የደምና የወዝ ዋጋ እንደ ማለት። «ወዝ» የገላ ቅባት፣ በሥራ ጊዜ በፊት ላይ የሚያንጸባርቀው ነው፤ «ወዝ አደር» የሚለው የኋላ ዘመን ቃልም ከዚሁ ተበጅቷል። በዚህ ትርጓሜ ከሄድን ማታ በማሽን አጠገብ የፈሰሰው ወዝ ከቀኑ ወዝ አይለይም፤ የትርፍ ሰዓት ክፍያም ደመወዝ ነው። ሕጉ ግን እንዲህ አይልም። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደመወዝ ማለት በሥራ ውል መሠረት ለሚሠራ ሥራ የሚከፈለው መደበኛ ክፍያ ብቻ ነው፤ የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ አበል፣ ጉርሻና ኮሚሽን የመሳሰሉት እንደ ደመወዝ አይቆጠሩም። የጡረታው ሕግም መዋጮውን የሚያሰላው በመደበኛ ሰዓት ከሚከፈለው የወር ደመወዝ ላይ ነው፤ በግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 መሠረት ሠራተኛው 7፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ። የገቢ ግብሩ አዋጅ ግን ሠራተኛው ከመቀጠሩ የተነሣ የሚያገኘውን ሁሉ፣ ደመወዝም ይሁን አበል፣ ጉርሻም ይሁን የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ በሕግ ነጻ ካልተደረገ በቀር «ከመቀጠር የሚገኝ ገቢ» በሚለው ሰፊ ስም ጠቅልሎ ይይዘዋል።

እንግዲህ ያው 1,080 ብር በአንደኛው ሕግ ፊት ደመወዝ አይደለም፤ በሁለተኛው ፊትም መዋጮ አይታሰብበትም፤ በሦስተኛው ፊት ግን ከደመወዝ ጋር ተደምሮ ግብር ይከፈልበታል። ይህ የሕግ አውጪው ስሕተት አይደለም፤ እያንዳንዱ ሕግ ለራሱ ዓላማ ቃሉን ይወስናል። ለሠራተኛው የሚያስከትለው ውጤት ግን ቀላል አይደለም። ከ848 ብሩ ላይ ጡረታ አልተቀነሰበትም፤ ዛሬ እጁ የሚገባው በዚያው ልክ በዛ። ሲጦር የሚታሰብለት ደመወዝ ግን ትርፍ ሰዓቱን አያውቀውም። ሃያ ዓመት በየቡናው ወቅት ሌሊቱን ቢሠራ ጡረታው በአንድ ሳንቲም አይጨምርም። በሥራ ስንብት ጊዜም ሒሳቡ የሚነሣው ከደመወዝ ነው። ተርጓሚው በሦስቱም ቦታ አንድ ቃል ቢያኖር ይህን ሁሉ ያጠፋዋል። ስለዚህ ለግብሩ «ገቢ»፣ ለሌሎቹ «ደመወዝ» ብሎ መለየት፣ ደመወዝ የተባለውንም ቢያንስ በመጀመሪያው ቦታ «መደበኛ ደመወዝ» ብሎ መጻፍ ተገቢ ነው። በሕግ ቋንቋ «መደበኛ» ትርፍ ቃል ሊባል ይችል ይሆናል፤ በቦንጋ ገበያ ግን ትርፍ አይደለም።

«ትርፍ» የሚለው ቃል ከተነሣ ዘንድ እርሱም ጥቂት ይነገርለት። «ትርፍ ጊዜ» ከሥራ የተረፈ፣ ሰው የራሱ የሆነ ጊዜ ነው፤ «ትርፍ ሰዓት» ደግሞ በተቃራኒው ሥራ ከሰው የራስ ጊዜ የወሰደው ነው። ነጋዴ ሲናገረው «ትርፍ» ወጪ ተቀንሶ የሚቀረው ነው። አንድ ተርጓሚ «የትርፍ ሰዓት ግብር» የሚለውን ሐረግ ከነጋዴ «የትርፍ ግብር» ጋር አጋጭቶ ልዩ ዓይነት ግብር እንዳለ አድርጎ ጽፎት አየሁ። እንዲህ ያለ ግብር የለም፤ ትርፍ ሰዓት የራሱ ምጣኔ የለውም፤ ከወሩ ገቢ ጋር ተደምሮ ነው የሚታሰበው። ስለ ክፍያው መጠንም «አንድ ተኩል እጥፍ» ከማለት «በአንድ ተኩል ተባዝቶ» ማለት ይሻላል። ለብዙ ሰው «አንድ እጥፍ ጨመረ» ማለት ሁለት ሆነ ማለት ስለ ሆነ፣ «አንድ ተኩል እጥፍ» ሁለት ተኩል ሆኖ ሊሰማ ይችላል፤ ሠራተኛውም የበዓል ቀን ክፍያ ይጠብቃል።

በወጣቱ ጥርጣሬ ውስጥ ግን አንድ እውነት አለ፤ እርሱን ሳይገልጹ ማለፍ ሐቀኛነት አይሆንም። ትርፍ ሰዓት በደመወዝ ላይ ስለሚደረብ ሁልጊዜ ከፍ ባለው ክፋይ ውስጥ ይወድቃል። ከ6,240 ብር መደበኛ ደመወዙ ላይ የሚነሣው ግብር 748 ብር፣ ማለት 12 በመቶ ያህል ነው፤ ከትርፍ ሰዓቱ ላይ የሚነሣው ግን 21 በመቶ ተኩል ያህል ነው። የመጀመሪያው 2,000 ብር ነጻነት በደመወዙ ስለሚያልቅ ለትርፍ ሰዓቱ የሚደርሰው የለም። ሆኖም ሃያ አምስት በመቶ ከሚታሰብባት የትርፍ ሰዓት 45 ብር ላይ 33 ብር ከ75 ይቀራል፤ ይህም ግብር ካልተነሣለት የመደበኛ ሰዓት 30 ብር ይበልጣል። ምጣኔው 35 በመቶ በሚደርስበት ከፍተኛ ደመወዝተኛ ዘንድ ግን በ1.5 የተባዛው የቀን ትርፍ ሰዓት ከግብር በኋላ ከመደበኛው ሰዓት ጥሬ ክፍያ ጥቂት ዝቅ ይላል። በአንድ አዋጅ የተሰጠው ብልጫ በሌላው እንዴት እንደሚቀንስ ማየት የሚፈልግ ሰው የሚመለከተው ይህን ነው። በአዋጅ ቁጥር 286/1994 ጊዜ ነጻው ገቢ 150 ብር፣ በ2008 ዓ.ም. 600 ብር ነበር፤ ከፍተኛው 35 በመቶም በ1994 ዓ.ም. ከ5,000፣ በ2008 ዓ.ም. ከ10,900 ብር በላይ ይጀምር ነበር። ምጣኔው ሳይለወጥ ደመወዝ በቁጥር ብቻ ሲያድግ ትርፍ ሰዓት ወደ ላይኛው ክፋይ እየተገፋ ይሄዳል።

ይህን ልዩነት ለመናገር ሁለት ስም ያስፈልጋል፤ አንደኛው ግብሩ ለመላው ገቢ ሲካፈል የሚገኘው፣ ሁለተኛው በሚቀጥለው አንድ ብር ላይ የሚታሰበው። የመጀመሪያው «አማካይ ምጣኔ» ይባላል፤ ክርክር የለበትም። ለሁለተኛው «ኅዳጋዊ ምጣኔ» የሚሉ አሉ። «ኅዳግ» ከግዕዙ «ኀደገ»፣ «ተወ» የመጣ ነው፤ በመጽሐፍ ገጽ ዳር ሳይጻፍበት የተተወው ነጭ ቦታ ነው። ለምጣኔ ሀብት መጽሐፍ ይስማማ ይሆናል፤ ነገሩ ዳር ላይ መሆኑን ያመለክታልና። ለሠራተኛ ማስረዳያ ግን «የጭማሪ ምጣኔ» የሚለውን እመርጣለሁ፤ በተጨመረው ላይ ብቻ የሚታሰብ መሆኑን ያለ አስተርጓሚ ይናገራል። ሁለቱም በመዝገበ ቃላታችን ቢገቡ፣ አንዱ በሌላው ቢፈታ መልካም ነው።

«ጠቅላላ» እና «የተጣራ» ስለሚሉት ብዙ የሚባል የለም። «ጥቅል ደመወዝ» ሲባል ግን በአንዳንድ ድርጅቶች አበልን ሁሉ ያካተተ አንድ ወጥ ክፍያ ማለት ስለ ሆነ፣ ተቀናሽ ላልተነሣለት ድምር «ጠቅላላ ገቢ» ይበቃል። «የተጣራ» ተስማምቶታል። ቦንጋ ውስጥ ይህን ለማስረዳት ቃል ከመፈለግ ይልቅ ወደ ቡናው ማመልከት ይቀላል፤ ጀንፈሉን መዝነው ያስገቡታል፣ ተፈልፍሎ ፍሬው ይወጣል፤ የሁለቱ ክብደት አንድ እንደማይሆን ሕፃን ያውቀዋል። «የተጣራ ተከፋይ» ከሚለው ዐምድ ላይ ግን «ተከፋይ» የሚለው ሰውየውን ይሁን ገንዘቡን ስለማይለይ «የተጣራ ክፍያ» ቢባል ይሻላል። ሠራተኛው በአፉ «እጄ የሚገባ» ይለዋል፤ ይህም ለማስረዳያው ከሁሉ የጠራ ነው።

በመጨረሻ ያቈየሁት እጅግ የከበደንን ቃል ነው፤ «ግብር»። በግዕዝ «ገብረ» ማለት «ሠራ፣ አደረገ» ነው፤ «ግብር»ም ሥራ ማለት ነው። ስለዚህ «የሥራ ግብር» የሚለው የመክፈያ ሊስቱ ቃል በሥሩ ቢፈታ «የሥራ ሥራ» ይሆናል። በአማርኛ ደግሞ ጌታ ለሠራዊቱ የሚያበላው ድግስ ግብር ይባል ነበር፤ ለመንግሥት የሚከፈለውም ግብር ነው፤ ከዚሁ «ገባር» ወጣ። ባለ ሥልጣናቱ ባሁኑ ጊዜ «ታክስ»ን እንደ አጠቃላይ ስም፣ «ቀረጥ»ን ለገቢና ወጪ ዕቃ፣ «ግብር»ን ደግሞ ለገቢ እየለዩ ይሠሩባቸዋል፤ ልዩነቱ ገና አልጸናም። በካፋ ግን ነገሩ ከሥርወ ቃል ይጠልቃል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1897 የካፋ መንግሥት ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ተማርኮ አገሩ ከተያዘ በኋላ፣ በሌሎቹ የደቡብና የምዕራብ አገሮች እንደ ሆነው ሁሉ፣ በዚያ ለሰፈረው ወታደር በገንዘብ ደመወዝ ፈንታ ገባር ይመደብለት ነበር። የገባሩ እህል፣ ማርና ጉልበት ለወታደሩ መተዳደሪያው ነበር። የአንዱ ግብር ለሌላው ደመወዝ ነበር ማለት ነው። ዛሬ እነዚህ ሁለት ቃላት በአንድ የመክፈያ ሊስት ላይ በአንድ ሰው ስም አንጻር ተቀምጠዋል።

ከተርጓሚዎቹ ጋር «ግብር»ን በካፊ ኖኖ ለመመለስ ስንሞክር በዕድሜ የገፉት ሰው ያቀረቡት ቃል ለጌታ የሚገበረውን የሚያስታውስ ነበር። ወጣቶቹ አልተቀበሉትም፤ ሰው በደመወዙ ላይ የሚከፍለውን ከዚያ ጋር እንዲያያይዘው አንፈልግም አሉ። እኒያም «ታዲያ ሌላ ቃል ብታበጁለት ገንዘቡ ይቀራል?» ብለው ሳቁ። በመካከሉ አማርኛውን «ግብር» እንዳለ መውሰድ ሐሳብ ሆኖ ቀረበ፤ በንግግር ሁሉም እንዲሁ እያለ ነውና። «ፔሮል» የሚለውም እንደዚሁ ገብቶ ተቀምጧል። እኔ ወደዚህ አዘነበልሁ፤ ተውሶ የገባ ቃል የራሱን ትዝታ በሙሉ ይዞ አይመጣም፤ ይህም በዚህ ቦታ ጥቅም ነው።

በሦስተኛው ቀን ማታ ሥራው ሲቆም የሁለቱ «ተቀናሾች» ጉዳይ ተወስኖ ነበር፤ ለእያንዳንዱ የተለየ ቃል ተመረጠ። ለ«ደመወዝ» አንድ ቃልና አንድ ቅጽል ተስማሙ። «ክፋይ» በቀላሉ ተመለሰ። የ«ግብር» ቦታ በረቂቁ ላይ በእርሳስ አማርኛው ተጽፎበት ቀረ። ወጣቱ የማሽን ሠራተኛ ደግሞ ወረቀቱን ገልብጦ በጀርባው ስሌቱን እንደ ገና ሠርቶት ነበር፤ 848 የሚለውን ሁለት ጊዜ አስምሮበት፣ የቡናው ወቅት ሊያልቅ ስንት ሳምንት እንደ ቀረ ዘመዱን በካፊ ኖኖ ይጠይቀው ነበር።